ደሙ አሳበቀበት

ዶክተሯ «የደም ስቡ በጣም ወርዷል» ስትል ቲቸር እልል ልትል ምንም አልቀራትም። በሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሕመምተኞች ባይኖሩ ኖሮ ትለውም ነበር፤ ደስታ ሲመጣባት ቦታ የምትመርጥ ሴት አይደለችም። ይሉኝታ ያዛትና እጇን ብቻ አጨብጭባ ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«አላልኩህም? በል እስቲ ንገረኝ፣ አላልኩህም ወይ?»

ባሏ አንገቱን ደፍቶ የኮቱን ቁልፍ ያሽከረክራል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳላስተዋውቅ ወደፊት ብሄድ ነውር ነው። ቲቸር የዕድሜዋን ግማሽ ለትንንሽ ልጆች ሳይንስ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ያስተማረቻቸው ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ የወለዷቸውንም እሷው ዘንድ ስለላኩ ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ይላታል፤ ባሏም እንደዚያው። ጡረታ የወጣችው ከሥራዋ ነው እንጂ ከጥያቄዋ አይደለም። ቧንቧ ቢንጠባጠብ ለምን እንደሚንጠባጠብ ገብቷት ካላደረ ቧንቧ ሠሪ አታስጠራም። ባሏ ደግሞ ሚዛን ጠጋኝ ነው። የሥጋ ቤቱን፣ የእህል ነጋዴውን፣ የወርቅ ሠሪውን፣ የሕፃናት ክሊኒኩን ሚዛን ሲፈታና ሲገጥም ነው ፀጉሩ የሸበተው። እሱንም ሰው «ሚዛኑ» ይለዋል። ዝምተኛ ነው። ምን ያድርግ፣ እሷ ለሁለቱም ታወራለች!

ሚዛኑ ጨጓራው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ነበር። ሐኪሞቹ አብዛኛውን ጨጓራውን ቆርጠው ካወጡለት ወራት አልፈዋል፤ ቁስሉም ደርቋል። አሁን የቀረው ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ በደም ሥሩ የሚገባው መድኃኒት ነው። ይወስዳል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይተኛል፣ ቀና ሲል እንደገና ይወስዳል። ቲቸር ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው እንዳይሞትባት። ሌላው ሁሉ ይቅርባት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ የለበሰችው ነጭ ጋወን ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እማማ፣ እኔ ይሄ ውጤት ደስ አላለኝም» አለች።

«ስቡ መቀነሱ? ምን ነካሽ ልጄ!»

«የእርስዎ ቢቀንስ አብሬዎት አጨበጭብ ነበር። የአባባ ግን ሌላ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ደማቸውን ሳየው ስቡ መልካም ነበር፤ በተለይ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል። ያኔ ተስፋ ያደረግኩት አንዱ በሱ ነው። የጨጓራ ካንሰር ወጥቶላቸው ስለሚኖሩ ሰዎች የተደረጉ ጥናቶች አሉ። የደም ስባቸው በጣም ዝቅ ያለ ሰዎች ከሌሎቹ ያነሰ ዕድሜ እንደሚቆዩ ያሳዩ አሉ። ሁሉም አይስማሙም፤ ለምን እንደሆነም ቁርጥ አድርጎ የሚናገር የለም። እኔ ግን ሰውነታቸው ራሱን እየበላ እንዳይሆን እሰጋለሁ።»

ቲቸር ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያጨበጨበችበትን እጇን ምን ታድርገው፤ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«ግራ የገባኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው» አለች ዶክተሯ። «ሰውነት ራሱን ሲበላ ሰው ይከሳል። አባባ ግን ክብደታቸው ያው ነው። ደማቸውና ክብደታቸው አልተስማሙልኝም።»

ስለ ክብደቱም ቢሆን ነገር አለው። የዚያ ክፍል ሚዛን ከተሰበረ ሰንብቷል። ሌላው ሕመምተኛ ደረጃ ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ሌላ ሕንፃ ሄዶ ተመዝኖ ይመጣል። የቲቸርን ባል ግን ማንም አላስቸገረውም። ነርሷ ገና ከበር ስታየው «አባባ፣ ቤት ስንት መዘኑ?» ትላለች፤ እሱ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች። የሱን ሚዛን ያላመነ የማንን ሊያምን ነው? እንዲያውም የተሰበረውን እንዲጠግንላቸው ለምነውታል። «ጉልበቴ ሲመለስ» ብሎ አቆያቸው።

«ምናልባት ደሙ ከሰው ደም ጋር ተቀይሮ ይሆናል፤ ደግሜ አየዋለሁ» አለች ዶክተሯ። «በሚቀጥለው ቀጠሮም እንዲህ ሆኖ ከመጣ ግን መድኃኒቱን አቆማለሁ። ያልቻለ ሰውነት ላይ መድኃኒት አልጭንም። እስከዚያ ቅባት ያለው ነገር ይብሉ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ።»

ቅባት! ይህን ቃል ለቲቸር መናገር ማለት ሌባ አሳድሪ እንደማለት ነው። ታላቅ ወንድሟ ገበታ ላይ እንደተቀመጠ፣ ማንኪያውን እንደያዘ ልቡ ቀጥ ብላ ነው የሞተው። ከዚያ በኋላ የሷም ደም ታይቶ ስቧ ከፍ ያለ ነው ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቷ ውስጥ ዘይት የሚለካው በጠርሙሱ ክዳን ሆነ። አንድ ክዳን ለአንድ ድስት። ድስቱ ሲያር «ይረር፣ ልብ ከሚያር ይሻላል» ትላለች። ሚዛኑም እንደ ምንም እየዋጠ፣ «እጅሽ ይባረክ» እያለ፣ ይኸው ስንት ዓመት።

ታክሲ ውስጥ ዝም ብለው ሄዱ። ቲቸር ዝም ካለች እያሰበች ነው፤ እያሰበች ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ሊጠየቅ ነው። ቤት ገብተው ኮቱን ሳያወልቅ ፊቱ ቆመች።

«ከቀዶ ጥገናው በፊት ስቡ መልካም ነበር ነው ያለችው፤ አይደል?»

«እንደዚያ አለች።»

«በኔ ድስት? በአንድ ክዳን ዘይት? ከየት አመጣኸው?»

ሚዛኑ መስኮቱን አየ። መስኮቱ ምንም አልረዳውም።

«ከሱቄ ፊት ለፊት…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ድንች የምትጠብሰዋ ሴትዮ።»

«የትኛዋ?»

«ባለ ትልቁ መጥበሻ። ድንችና እንቁላል። በየቀኑ።»

«በየቀኑ!»

«እሁድ ትዘጋለች።»

ቲቸር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልትቆጣ ነበር፤ ደም ሥሯም ተገታትሮ ነበር። ግን ይህ በእውነተኛነቱ የተመሰገነ ሰው፣ እንደ ጎረምሳ ጥግ ቆሞ፣ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ከዚያ ከንፈሩን ጠራርጎ ቤት ገብቶ የሷን ደረቅ ምግብ «እጅሽ ይባረክ» ሲል ታያትና ሳቁ አፈናት። ወንበር ይዛ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ሆዱን በእጁ ደገፍ አድርጎ ነው፣ እንዳያመው።

«ቆይ» አለች ዓይኗን እየጠራረገች፣ «እንግዲህ አንዱ ጥያቄ ተመለሰ። ከየት እንደመጣ አወቅን። አሁን ወዴት እንደሚሄድ ነው የቀረን።»

ሳቁ እሱ ፊት ላይ ወዲያው ደረቀ። እሷ ግን ጓዳ ገብታ ዘይት እየፈለገች ስለነበር አላየችም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ቲቸር እንደ ክፍሏ ሙከራ ያዘቻቸው። ዘይቱን ዓይኗን ጨፍና ታፈሳለች፤ በእርግጥም ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሲፈስ ማየት አልሆነላትም። ለሱ ለብቻው ትሠራለች፣ ለራሷ ደግሞ ያው የጥንቱን። ለራሷማ እንዲያውም ከክዳኑ ወደ ግማሽ ክዳን ከወረደች ቆየች፤ ምክንያቱም እሷ እየወፈረች ነው! በየሳምንቱ ጠዋት መኝታ ቤት ያለው ሚዛን ላይ መጀመሪያ እሷ ትወጣለች፣ ከዚያ እሱ። ባሏ ከሆስፒታል እንደወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወረደች ወዲህ የሱ ቀስት ያው ቦታ ላይ ስትቆም፣ የሷ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። በጭንቀት ነው አለች። ከዕድሜ ነው አለች። ከዚያ «እንግዲህ ዘይቱን ልቀንስ» ብላ ቀነሰች፤ ድስቱ ደግሞ አንድ ስለነበር ለሁለቱም ቀነሰችው። የሱ ስብ የወረደው እኔ በመወፈሬ ይሆን እንዴ? እያለች ድስቱን አተኩራ ታየዋለች።

ግን ነገሩ አልገጥም አላት። ከአንድ ድስት የበሉ ሁለት ሰዎች፣ ያውም ደረቅ ድስት፣ አንዱ ደሙ ሲደርቅ ሌላዋ ትወፍራለች? ደግሞስ የሱ ክብደት ያው ከሆነ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? የእጅ ሰዓቱ ክርኑ ድረስ ይወጣል። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል፤ ስትጠይቀው «ጨጓራ የለኝ፣ ሆድ ከየት ይምጣ» ብሎ አሳቃት። አንድ ቀን እጁን ሲታጠብ የጋብቻ ቀለበቱ ወልቆ ማስታጠቢያው ውስጥ ቅጭል አለ። ፈጥኖ አነሳና ኪሱ ከተተው። ቤት ውስጥም ኮቱን አያወልቅም፣ ከሥሩ ሁለት ሹራብ፤ «ይበርደኛል»።

ሰዓቱ፣ ቀበቶውና ቀለበቱ ከስቷል ይላሉ። የመኝታ ቤቱ ሚዛን አልከሳም ይላል። ቲቸር ደግሞ ለዓመታት «ከሚሰማችሁ ይልቅ የተለካውን እመኑ» ብላ ያስተማረች ሴት ናት፤ ስለዚህ ሚዛኑን አመነች። ሰውዬውንም። እንዴት አታምነው? ነጋዴዎች ገንዘብ ጨብጠው ሱቁ እየመጡ «ቀስቱን ትንሽ ብቻ ወደኛ አድርግልን» ሲሉት የመለሳቸው ስንቶቹን ነው! አንዱ እንዲያውም ሄዶ በሌላ ጠጋኝ አሠርቶ፣ ሰፈሩን በሙሉ እሱ ላይ አሳደመበት። ባሏ ያኔ ያላት ነገር ትዝ ይላታል። «የተበላሸ ሚዛን ማንን እንደሚጎዳ አታውቂውም። አንቺ ነጋዴውን ትጠቅሚያለሽ፣ የማታውቂው ሰው ልጅ ሳይጠግብ ያድራል።» ያኔ ነው እንደገና የወደደችው።

ነገሩን የፈታላት ቀሚስ ነው።

የአንዲት የድሮ ተማሪዋ ልጅ ምረቃ ነበር። ቲቸር የጡረታዋ ቀን የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ አወጣችና፣ «ይሄ ዛሬ አይዘጋም፣ ይቀደዳል» እያለች፣ ትንፋሿን ውጣ ዚፑን ሳበችው። ተዘጋ። ትንፋሿን ለቀቀችው። አልጠበባትም። ወገቡ ላይ እንዲያውም ጣት ያስገባል።

መስታወቱ ፊት ቆማ ቀረች። የመኝታ ቤቱ ሚዛን ስንት ኪሎ ጨምረሻል ነው ያላት? በዚያ ሁሉ ኪሎ ይህ ዚፕ እንዴት ተዘጋ? ቀሚስ አይዋሽም፤ ቀሚስ የሚጠግነው ሰው የለም።

እንዲህ ብላ አስባ ስትጨርስ፣ ያሰበችው ነገር ራሷን አስደነገጣት። «አይ፣ አይሆንም» አለች ለመስታወቱ። ምረቃውን ተወችው።

ሚዛኑ ከምሳ በኋላ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም ይላል። የትንፋሹን ድምፅ አዳመጠች። ከዚያ ሰማያዊ ቀሚሷን እንደለበሰች ወደ ጓሮ ወጣች፣ ትልቁን ጀሪካን አመጣች፣ የአንድ ሊትሩን ጠርሙስ አመጣች። ይህን ሙከራ ለስንት ልጆች አሳይታለች! አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ የትም አገር፣ ማንም ቢቀዳው፣ ማንም ቢጠጣው። በጠርሙሱ እየለካች ሃያ ሊትር ሞላች። ጀሪካኑ ባዶውን አንድ ኪሎ አይሞላም። እየጎተተች፣ እያረፈች፣ ወለሉን እያረጠበች መኝታ ቤት አስገባችው። በጉልበቷ ደግፋ ሚዛኑ ላይ አወጣችው።

ቀስቱ ሃያን አለፈ። ሃያ አንድን አለፈ። ሃያ አራት ላይ ደርሶ፣ ትንሽ ተወዛውዞ፣ ቆመ።

ቲቸር ጀሪካኑን አውርዳ፣ ተንበርክካ ባዶውን ሚዛን አየችው፤ ዜሮ ላይ ነው። እንደገና ጫነችው፤ ሃያ አራት። የጀማሪ ሥራ አይደለም። ዜሮውን ሳይነካ የሚያሳብጥ፣ ከሥር ክብደቱን የሚሸከመውን ሞላ አውቆ፣ ልኩን አስልቶ የሚያላላ እጅ ነው የሠራው። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ ሳሎን ተኝቷል።

ቀና ስትል በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ጀሪካኑን አየ፣ ጠርሙሱን አየ፣ ሰማያዊውን ቀሚስ አየ።

«ውሃ» አለ። «ውሃ ትዝ ሳይለኝ።»

«ለምን?» አለችው። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ለነጋዴ ያልሠራኸውን ለኔ?»

ሚዛኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኮቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀው፤ ሹራቦቹንም አንድ በአንድ። በውስጥ ልብሱ ሲቀር ቲቸር ዓይኗን ልታዞር ቃጣትና አላዞረችም። ትከሻው ልብስ መስቀያ ሆኗል።

«ከሆስፒታል እንደመጣን ስመዘን ቀስቱ ወረደች» አለ። «ትዝ ይልሻል? ምንም አላልሽም። ምሳ ቀርቦ ሳለ ሳህንሽን ገፋ አደረግሽው። መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ቧንቧውን ከፈትሽና አለቀስሽ። እንዳልሰማ ነው የከፈትሽው፤ እኔ ግን ውሃው እየፈሰሰ ሰማሁሽ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። በሽታው ይግደለኝ፤ አንቺ በቁምሽ ስታልቂ ግን ማየት አልቻልኩም። አንዴ ብቻ ብዬ ነካሁት። ከዚያ ደግሞ ወረድኩ። ከዚያ ደግሞ…»

«እያላላህ ሄድክ።»

«እያላላሁ ሄድኩ። አንቺ መወፈርሽ ግን አላሰብኩትም» አለ፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል የሥራ ስህተቱ ከነከነው። «ሁለታችንም እንደምንወጣበት ረሳሁት።»

ልታቅፈው ፈለገች፣ ልትመታውም ፈለገች። አንዱንም አላደረገችም። «ልበስ» አለችው። «ዛሬውኑ እንሄዳለን።»

ዶክተሯ ታሪኩን ከቲቸር አፍ ስትሰማ መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ሌላኛው ሕንፃ ልካ አስመዘነችው። ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ» አለች በቀስታ፣ «መድኃኒቱን የምመጥነው በክብደትዎ እኮ ነው።»

ካርዱ ላይ የተጻፈውን የድሮውን ቁጥር በጣቷ አሳየችው።

«ለሌለ ሰው ነው እየሰጠሁዎት የነበረው፤ ከእርስዎ ለሚበልጥ ሰው። ያ ሁሉ ማቅለሽለሽ፣ ያ ሁሉ ድካም ከመድኃኒቱ ነው ስል ነበር፤ ከመጠኑም ሊሆን ይችላል። እኔም ጥፋተኛ ነኝ፣ ዓይኔ እያየ ቁጥሩን አመንኩ። ደምዎ ባያሳብቅብዎ ኖሮ እንቀጥል ነበር።»

ሚዛኑ እጆቹን ዘርግቶ አያቸው፤ ሥራ የሠሩ ጣቶቹን፣ አንድ በአንድ። ቲቸር ምን እያሰበ እንደሆነ ገብቷታል። የተበላሸ ሚዛን ማንን እንደሚጎዳ አታውቂውም፤ ነበር ያላት።

ጠያቂነት ግን ክፉ ልማድ ነው፣ ሐዘን ላይም አይተውም። «ልጄ» አለች ቲቸር፣ «ስቡ የወረደው በኔ ነው? በዘይቱ?»

«ዘይቱ አልረዳም። ግን ጨጓራው ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይወርዳል፤ ምግብ እንደ ድሮው አይገባም፣ አይፈጭም። ብቻዎን አይሸከሙት።»

ሚዛኑ ቀና አለ። «እኔም ልጠይቅ። ስቡን ብጨምረው ዕድሜዬ ይጨምራል?»

«አላውቅም» አለች ዶክተሯ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ማንም አያውቅም። ስቡ ሰውን ያቆየው ይሁን፣ ወይስ ጠንካራ የሆነው ሰው ስብ ያለው ይሁን፣ ገና ነው።»

ሚዛኑ ራሱን ነቀነቀ። ጀሪካኑን ካየ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ትንሽ ፈካ አለ። «ገባኝ። ቀስት እቃውን አያከብደውም። ቀስቱን በጣት መግፋት ዋጋ የለውም፤ የሚጨመረው እቃው ላይ ነው።»

«እንደዚያ ነው አባባ። ይብሉልኝ። ደምዎ ቀስት ነው፤ እኔና እርስዎ እናየዋለን እንጂ አንገፋውም።» መድኃኒቱን አቆመችው። በእውነተኛ ሚዛን ከፍ ሲል፣ ደሙም ሲመለስ፣ በትክክለኛው መጠን እንደሚጀምሩት፣ ካልተመለሰ ግን ሰውነቱ እንደማይችለው ነገረቻቸው። ያለ መድኃኒቱ ምን ሊሆን እንደሚችል አልተናገረችም፤ ማንም አልጠየቃትም።

ቲቸርም ቤት ገባችና ያንን የጠርሙስ ክዳን ወደ ውጭ ወረወረችው። በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ሳህን ታቀርባለች። እንቁላሉ ላይ ዘይት፣ ድንቹ ላይ ዘይት፣ ወተቱ ከነቅባቱ። ድንች ጠባሿ ሴትዮ ዘንድ ራሷ ሄዳ ድንቹ እንዴት እንደሚጠበስ ተማረች፤ ሴትዮዋም «ጋሼ እኮ ሁለት ሳህን ነበር የሚበሉት» ብላ ነገሩን አባሰችው። ሚዛኑ አንዳንዱ ቀን ሦስት ጉርሻ በልቶ ይደክመዋል። አንዳንዱን ይመልሰዋል። ቲቸር ሲመልሰው ፊቱን ትጠርግለታለች፤ ከዚያ ቧንቧ ሳትከፍት፣ እዚያው ፊቱ ቆማ ታለቅሳለች። «እንዳትነካኝ» ትለዋለች፣ «ይህን ለቅሶ ነው የቀማኸኝ። የኔን ድርሻ።» እሱም አይነካትም፤ ቀስ ብሎ ሌላ ጉርሻ ያነሳል።

ቤት ያለው ሚዛን ላይ ማንም አልወጣም። ባሏ ፈታው፣ ሞላውን አውጥቶ ጣለው።

የቀጠሮው ቀን የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ሄደ። ጉልበቱ ተመልሶ አይደለም፤ ከእንግዲህ ማቆየት አልሆንልህ ብሎት ነው። ደሙን ሰጠ፣ ውጤቱ እስኪደርስ የክፍሉን የተሰበረ ሚዛን ወለሉ ላይ ገልብጦ ተቀመጠ። ነርሶቹ እየተሻገሩት ያልፋሉ። ፈታ፣ ጠረገ፣ ዘይት ቀባ። ሲጨርስ አቆመውና ቲቸርን አያት።

«ውጣ፣ ተመዘን» አላለችውም። ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ተመልሳ ስትመጣ የግቢው ጥበቃ ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ ከኋላዋ ያለከልካል።

«እናንተ፣ ይሄ ሆስፒታል ነው ወይስ ውሃ ልማት?» አለ ጥበቃው።

«እዚህ ላይ አስቀምጥልኝ ልጄ። እኔው በሊትር ለክቼ ነው የሞላሁት።»

ሚዛኑ አልተቀየመም፤ የሠራውን ያውቃል። ቀስቱ ተወዛወዘና ሃያ አንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ቲቸር ጎንበስ ብላ አየች፣ ከግራ አየች፣ ከቀኝ አየች። ጀሪካኑ ወረደ።

«አሁን ውጣ» አለችው።

ኮቱን አወለቀ፣ ሹራቡን አወለቀ፣ ጫማውን አወለቀ። ወጣ። ወደ ታች አላየም፤ እሷን ነው የሚያየው። ቲቸር የሌላኛውን ሕንፃ ቁጥር በልቧ ይዛዋለች። ቀስቱ እዚያ ደረሰ። አለፈው። ብዙ አይደለም። አንድ ጀሪካን ውሃ አይደለም፤ ሁለት ጠርሙስ ብትሆን ነው። ግን አለፈው።

በዚያው መሃል ዶክተሯ የደሙን ውጤት ይዛ ከላቦራቶሪው በኩል መጣች። ሁለቱን አየቻቸው፣ ጥበቃውን አየች፣ ጀሪካኑን አየች፤ ለመጠየቅ አልደፈረችም።

«ስቡ ጨምሯል» አለች። «ገና ዝቅተኛ ነው፤ ግን እየተመለሰ ነው። መድኃኒቱን እንጀምራለን፤ በዚህኛው ክብደት።»

ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ቃል ስትፈራ የኖረች ሴት፣ «ስቡ ጨምሯል» ሲባል ባሏን ተደግፋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ነርሶቹ ቆሙ። ጥበቃው ኮፍያውን አወለቀ።

ሚዛኑ ከሚዛኑ ላይ አልወረደም። ከሷ ክብደት ቀስቱ ወደ ላይ ስትዘል አየና፣ እጁን ዘርግቶ የሷን ትከሻ ብቻ ያዘ።

«አልቅሺ እቱ» አላት። «አልቅሺ፤ ከእንግዲህ አልነካውም።»